በመከራ ጊዜ ማን አጸናቸው? ከወለተ ጴጥሮስ እስከ ፀሐይ ቶሎሳ



በግንቦት ወር 1617 ዓ.ም. ከአሰብ በስተ ሰሜን ባለችው በበይሉል ወደብ ከህንድ በባሕር የመጡ የፖርቱጋል ካህናት ወረዱ። አለቃቸው አፎንሶ ሜንዴዝ የሚባሉ ከሮም የተሾሙ ፓትርያርክ ነበሩ። ምጽዋ በቱርኮች እጅ ስለነበረች በዚያ በኩል መግባት አደገኛ ነበር። ስለዚህ የአፋርን ምድር በእግር ለማቋረጥ ተነሡ። ዐፄ ሱስንዮስ አስቀድመው ለአፋሩ ገዥ መልእክት ልከው ስለነበር መንገድ ተፈቀደላቸው፤ ሰኔ ላይም ትግራይ ውስጥ ፍሬሞና ደረሱ። በግንቦትና በሰኔ ያን በረሃ በእግር መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ለዲቾቶ ሴቶች ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ በዚያ ወራት ከቤት እስከ ውኃው ቦቴ ደርሰን ስንመለስ እንኳ ራሳችንን እንይዛለን።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ስለ ክርስቲያን ጽናት ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር ስላለ ነው። እነዚያም ካህናት ስለ እምነታቸው ተጠምተዋል፤ በእግራቸው ተንከራተዋል፤ ከአገራቸው ርቀዋል። የመጡት ግን የኢትዮጵያን ክርስቲያኖች የአባቶቻቸውን እምነት ለማስተው ነበር። ስለዚህ መከራ መቀበል ብቻውን የአንድን ሰው እውነተኛነት አያሳይም። መከራን የሚችል ሰው በየወገኑ አለ። መጠየቅ ያለብን ሌላ ነው፤ ያ ሰው በመከራው ጊዜ ማንን ይዞ ቆመ? መከራው ሲያልፍለትስ ለሌላው ምን ሆነ?

በማኅበራችን ኦርቶዶክስም ወንጌላዊትም ሙስሊምም እኅቶች አሉን። ጽሑፉ የሚያወራው ስለ ክርስቲያን ሴቶች ቢሆንም ጥያቄው የሁላችንም ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ከምንነጋገርበት ጉዳይ ጋርም ስለሚገናኝ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልን እንጠይቃለን።

የንጉሡ እምነት ሲለወጥ

ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ የተቀበሉት በ1614 ዓ.ም. ነው። መንገዱን ያለሰለሱት ከሜንዴዝ በፊት የነበሩት አባ ፔሮ ፓኤዝ ናቸው። ፓኤዝ አገሩን የለመዱ፣ ቋንቋውን የተማሩና ነገር ቀስ አድርገው የሚያስኬዱ ሰው ነበሩ። ንጉሡ ደግሞ ከእምነቱ ጋር የሚመጣውን የፖርቱጋልን የጦር ርዳታ ይፈልጉት ነበር። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞቱ።

ሜንዴዝ ግን መታገሥ አልሆነላቸውም። በየካቲት 1618 ዓ.ም. ደንቀዝ ላይ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮም ታማኝነታቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲሾሙ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ ታዘዘ። የሰንበተ አይሁድ አከባበር ተከለከለ፤ የጾሙና የበዓሉ ቀን ተለወጠ። እስቲ ይህን ወደ ቤታችን አምጥተን እናስበው። አንዲት እናት ልጇ የተጠመቀው ጥምቀት ጥምቀት አይደለም ተባለች። የቀበረቻቸው ወላጆቿ የተፈቱበት ፍትሐት ከንቱ ነው ተባለች። ጾም የምትይዝበትን ቀን ከቤተ መንግሥት ጠብቂ ተባለች። የአገሩ ሰው የተነሣው የነገረ መለኮት ክርክር ስለገባው ብቻ አይደለም፤ ጓዳው ድረስ ስለተገባበት ነው።

በየአውራጃው ዓመፅ ተቀጣጠለ። ከዓመፀኞቹ ጋር የቆሙት አቡነ ስምዖን አስቀድሞ በ1609 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ተገድለው ነበር። ያንን ዓመፅ ካከሸፉት የንጉሡ ሹማምንት አንዱ መልክዐ ክርስቶስ ይባላል። የዚህ ሰው ሚስት ወለተ ጴጥሮስ ናት።

ከባለሟል ቤት የወጣችው ሴት

ወለተ ጴጥሮስ ከአባቷ ከባሕር ሰገድና ከእናቷ ከክርስቶስ ዕበያ የተወለደች፣ ዘሯ ከደዋሮና ከፈጠጋር መኳንንት የሚመዘዝ የትልቅ ቤት ልጅ ነበረች። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ባሏ የአቡኑ ደም ካለበት ዘመቻ ሲመለስ ከእርሱ ጋር መኖር አልቻለችም። ከቤት ወጣች፤ ተመልሳ እንድትመጣ ተደረገ፤ እንደገና ወጣች። ጸጉሯን ተላጭታ መነኮሰች።

ታሪኳን ገላውዴዎስ የተባሉ መነኩሴ ከሞተች ከ30 ዓመት በኋላ በግእዝ ጽፈውታል። የጻፉት ከእርሷ ጋር የኖሩ ሰዎች የነገሯቸውን ሰብስበው ነው። ገድል የሒሳብ መዝገብ አይደለም፤ ተአምሩም ምስጋናውም በአንድ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች ግን አንድን ወጪ ከሁለት ወገን ሰነድ ማመሳከር ልማዳችን ነው። የዘመኑን ነገር የሚናገሩ የዐፄ ሱስንዮስ ዜና መዋዕልና የካቶሊክ ካህናቱ ደብዳቤዎችም አሉ። ካህናቱ ራሳቸው የቤተ መንግሥት ሴቶች ተቃውሞ ሥራቸውን እንዳከበደባቸው ጽፈዋል። የተሸነፈ ወገን የጻፈው ምስክርነት ሲሆን ይበልጥ ይታመናል።

ወለተ ጴጥሮስ በየአገሩ እየዞረች ሕዝቡ አዲሱን ትእዛዝ እንዳይቀበል ታስተምር ጀመር። ንጉሡ አስጠርተው በጉባኤ ፊት አቆሟት፤ አልተመለሰችም። እንዳትገደል የዘመዶቿ ጉልበትና የባሏ ምልጃ አዳናት። ሜንዴዝ ራሳቸው ሊያስተምሯት እንደሞከሩ ገድሏ ይተርካል፤ በዚህም አልተመለሰችም። በመጨረሻ ወደ ምዕራቡ ቆላ፣ ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ዠበይ ወደሚባል ስፍራ በግዞት ተላከች። በዚያም ሦስት ዓመት ኖረች።

ደገኛን ወደ ቆላ መስደድ የዚያን ዘመን ቅጣት ነበር። ሰይፍ ሳይመዘዝ ንዳዱና ወባው ሥራውን ይሠራል። የወለተ ጴጥሮስን ታሪክ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለንም ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ ደጋ ወርደን እዚህ የሰፈርን እኅቶች የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት እንዳሳለፍን እናውቃለን። ያሳለፉንም ሰዎች እነማን እንደሆኑ እናውቃለን። ውኃ የት እንደሚቀዳ፣ ቀኑ በስንት ሰዓት እንደሚሸሽ፣ ፍየል ከማን እንደሚገዛ ያሳዩን የአፋር እኅቶቻችን ናቸው።

ብቻዋን አልነበረችም

ወለተ ጴጥሮስን ብዙዎቻችን የምናውቃት በንጉሥ ፊት የቆመች ጀግና ሆና ነው። ያ ቀን ግን አንድ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት የግዞት ዓመታት፣ ከዚያም በኋላ ያሉትን የስደትና የሕመም ዓመታት ያሻገራት ምንድን ነው?

መልሱ በገድሏ ውስጥ በየገጹ አለ። አንደኛዋ እኅተ ክርስቶስ ናት። እርሷም ባልና ልጅ ትታ የመነኮሰች ሴት ስትሆን፣ ከተገናኙ ጊዜ ጀምሮ እስከ ሞት አልተለያዩም። ወለተ ጴጥሮስ ስታርፍም ማኅበሩን የመራችው እርሷ ናት። ከዚያ ቀጥሎ የተከተሏት ብዙ ናቸው፤ ሴቶችም ወንዶችም፣ የመኳንንት ልጆችም ድኾችም። ዠበይ በግዞት ስትላክ ሰው እየሰማ መጣ፤ የግዞት ቦታው የመጀመሪያው ማኅበሯ ሆነ። ከዚያ በኋላ ምጽሌና ዘጌን ጨምሮ በጣና ዙሪያ እየተዘዋወረች በጠቅላላው ሰባት ማኅበራት መሠረተች።

የማኅበሯ ደንብ ለእኛ ሥራ ቅርብ ስለሆነ በዝርዝር እንየው። የግል ገንዘብ አይያዝም፤ የመጣው ሁሉ ወደ አንድ ይገባል። ምግቡ የጋራ ነው፤ ለአንዱ የተለየ ለሌላው የተራረፈ አይቀርብም። ሥራውም የጋራ ነው። በአገልጋይ ያደገችው ሴት ራሷ እህል ትፈጭ፣ ውኃ ትቀዳ፣ እንጨት ትሸከም ነበር። የእመቤት ልጅ ከገባር ልጅ ጋር በአንድ ወፍጮ ስትቀመጥ በዚያ ዘመን ትንሽ ነገር አልነበረም።

ይህ ሁሉ በፍቅር ብቻ የሄደ እንዳይመስለን። ወለተ ጴጥሮስ ጥብቅ ነበረች፤ ደንብ ያፈረሰችውን መነኵሲት በኃይል ትገሥጽ እንደነበር ገድሏ አይሸሽግም። በሽታ ገብቶ ብዙ የሞተበት ጊዜ ነበር። ማኅበሩ የቆመው ደንቡም ርኅራኄውም ስለነበረ ነው። ደንብ የሌለው ማኅበር በመጀመሪያው ችግር ይበተናል፤ ርኅራኄ የሌለው ደግሞ ደንቡ ሳይጓደል ሰዉ ያልቅበታል።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። ያቺ ሴት ንጉሡን እምቢ ያለችው በአንድ ቃል ነው። እምቢታዋን ለዓመታት ያቆየው ግን የተፈጨው እህልና የተቀዳው ውኃ ነው። ብቻዋን ዠበይ ብትቀመጥ ኖሮ ወይ ትሞት ነበር ወይ ተመልሳ ትገባ ነበር።

መከራው ካለፈ በኋላ

በ1624 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የላስታን ዓመፀኞች በጦርነት አሸነፉ። በዚያ ቀን ስምንት ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ ይነገራል። ሬሳው በተኛበት ሜዳ ላይ፣ እነዚህ የወደቁት የገዛ ወገኖቻችን ክርስቲያኖች ናቸው፣ ይህ ድል አይባልም ብለው የነገሯቸው ሰዎች እንደነበሩ ታሪክ ጽፎታል። ንጉሡ በሰኔ ወር ሕዝቡ ወደ ቀደመ እምነቱ እንዲመለስ አወጁ፤ መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ካህናቱ ከአገር ተባረሩ። ሜንዴዝም እንደ መጡ ወደ ህንድ ተመለሱ።

ታሪኩን ብዙዎች እዚህ ላይ በእልልታ ይዘጉታል። እኛ ግን ቀጣዮቹን ዓመታትም መቁጠር አለብን። በ1630 ዓ.ም. አጋታንጅና ካሲያን የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ መነኮሳት በጎንደር ተሰቀሉ። እነርሱ ጦር አላመጡም፤ ማንንም በግድ አላጠመቁም። በ1660 ዓ.ም. ደግሞ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የጎንደር ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ትናንት በግድ እምነቱ የተነካበት ሕዝብ ነገ በሌላው ላይ ግድግዳ አቆመ። ይህን የምንጽፈው አባቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም። ክርስቲያን መስጊዱን አልፎ ቤተ ክርስቲያን በሚሳለምበት፣ አንድ ቦቴ ውኃ በሁሉም ደጅ በሚቆምበት ከተማ የምንኖር ሴቶች የራሳችንን ነገር እንድናስተውልበት ነው። ጽናት ወደ ምሬት የሚለወጠው ቀስ ብሎ ነው።

ወለተ ጴጥሮስ ከድሉ በኋላ አሥር ዓመት ኖረች። ከቤተ መንግሥት ሹመት አልጠየቀችም፤ ማኅበሯን መምራት ቀጠለች። ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. በሃምሳ ዓመቷ አረፈች፤ በዓሏም በዚሁ ቀን ይከበራል። በስሟ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ በቋራጣ የቆመው ገዳም ከዚያ በኋላ ከንጉሥ ቍጣ ለሸሹ ሰዎች መጠጊያ ሆነ። እዚያ የገባ ሰው አይነካም ነበር። የተሳደደች ሴት ስም ለተሳደዱ ሁሉ ጥላ ሆነ። መከራ ካለፈ በኋላ ምን እንሁን ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ መልስ አናውቅም።

በእናቶቻችን ዘመን

ሁለተኛዋን ሴት ያኖረው ዘመን ሩቅ አይደለም፤ ከእኛ መካከል የዚያን ጊዜ ልጆች የነበሩ አሉ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ ሁለት የሃይማኖት አባቶች ተገደሉ። አንዱ በደርግ ከመንበራቸው ወርደው ታስረው የነበሩት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው። ሌላው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። ቄስ ጉዲና ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ነበር፤ ምእመናኑን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን ምሽት ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ታፈኑ። ወይዘሮ ፀሐይን ከመኪና አወረዷቸው፤ ባላቸውን ወሰዱ።

ወይዘሮ ፀሐይ ባላቸው ይኑሩ ይሙቱ ሳያውቁ ልጆቻቸውን ይዘው ቀሩ። በ1972 ዓ.ም. እርሳቸውም ታሰሩ። ክፉኛ ተገረፉ፤ ያለ ፍርድ አሥር ዓመት ገደማ እስር ቤት ቆዩ። የቄስ ጉዲናም የአቡነ ቴዎፍሎስም አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። በአንድ ክረምት የተገደሉት ኦርቶዶክሱና ወንጌላዊው አባት በአንድ ዓመት በክብር ተቀበሩ።

በዚያ ዘመን እስረኛ የሚኖረው ከቤት በሚመጣለት ስንቅ ነበር። ስንቅ የሚመጣለት ለማይመጣለት ያካፍላል፤ ፊደል የሚያውቅ ላላወቀ ያስቆጥራል። ብዙዎች ከዚያ በሕይወት የወጡት ጎናቸው የተኛው ሰው ስላካፈላቸው ነው። ከደጅ ደግሞ በየቀኑ ሰሐን ተሸክመው የሚሰለፉ እናቶች፣ እኅቶችና ሴት ልጆች ነበሩ። ታሪክ የእስረኛውን ስም ይጽፋል፤ የተሸካሚዋን አይጽፍም። እኛ የሴቶች ማኅበር ስለሆንን እንጻፍላቸው። ያ ሰሐን የጽናቱ ግማሽ ነበር።

በወለተ ጴጥሮስና በወይዘሮ ፀሐይ መካከል ከ300 ዓመት በላይ አለ። አንዷ ኦርቶዶክሳዊት መነኵሲት፣ ሌላዋ ወንጌላዊት ባለትዳር ናቸው። አንዷ የታገለችው እምነት ከሚለውጥ ንጉሥ፣ ሌላዋ እምነትን ከማይፈልግ መንግሥት ጋር ነው። የሁለቱም ታሪክ ግን አንድ ነገር ይነግረናል፤ ሰው የሚጸናው በሰው ነው። እግዚአብሔር ያጽናሽ ስንባባል ያንን የምንፈጽመው እኛው በእጃችን ነን።

ወደ ደንባችን ስንመጣ

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። ደንባችን ሦስት ወር ተከታታይ ያላዋጣች አባል ከማኅበሩ ትሰረዛለች ይላል። መኪና ሲቀንስ የሻይ ቤቱም የምግብ ቤቱም ገበያ እንደሚቀዘቅዝ ሁላችን እናውቃለን። በዚህ ምክንያት መዋጮ ያቃታቸው እኅቶች ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባ ይቀርባል። አንዳንዶቻችን ደንብ ደንብ ነው እንላለን፤ አንዳንዶቻችን ይማሩ እንላለን።

መዝገቡን የምንይዘው ሰዎች ሐሳብ ከታሪኩ የተቀዳ ነው። መዋጮው አይቅር፤ ያለ መዋጮ ማኅበር የለም፣ ወለተ ጴጥሮስም ያለ ደንብ አልመራችም። ነገር ግን የተቸገረች እኅት ስሟ ከመዝገብ አይፋቅ። ያልከፈለችው በዕዳ ይያዝላት፤ መክፈያው እንደ ገበያዋ ይወሰን፤ በገንዘብ የማትችል በጉልበት ታግዝ። ከዚህ በላይ ደግሞ በስብሰባ ያልታየችን እኅት የቡድኗ አባላት ቤቷ ሄደው ይጠይቋት፤ የሚሄዱትም ባዶ እጃቸውን አይሁን። ገንዘብ ያጣች ሴት መጀመሪያ የምትቀረው ከስብሰባ ነው፤ ቀጥሎ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከጎረቤት ትቀራለች፤ በመጨረሻ ተስፋዋ ይቀራል። ስሟን ስንሰርዝ የምንቆርጠው የመጨረሻውን ገመዷን ሊሆን ይችላል።

ጽናትን ከሰማዕታት ብቻ የምንጠብቅ ከሆነ ለእኛ የሚተርፈን ማድነቅ ነው። ወፍጮው፣ እንስራውና የስንቅ ሰሐኑ ግን በየቤታችን አለ። በስብሰባው ቀን ሁላችሁም ሐሳባችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የቀረችውንም እኅት እግረ መንገዳችሁን ጥሩልን።

ቸር ያገናኘን።